ጠበሉ በነፃ፣ ማድረሻው በገንዘብ

ሽማግሌዬን ሰው ፊት አንቱ ነው የምለው። ጓዳ ስንገባ ግን አንተ ነው። ይሄ የማወራው የጓዳ ወሬ ስለሆነ "እሱ፣ እሱ" ስል ብትሰሙኝ ናቀችው እንዳትሉኝ። እሱ እንደሆነ አይሰማኝም፤ ጆሮው ከደከመ ቆይቷል፣ የሚሰማው የፈለገውን ብቻ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። አንዳንዱን ቃል "ይሄማ ነውር ነው" እያለች ታልፈዋለች፤ ወሬው ቀዝቀዝ ያለባችሁ ቦታ ካለ የሷ ጥፋት ነው።

የምንኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፣ ዳገቱን ወጣ ብሎ። ሽማግሌዬ ዕድሜውን ሙሉ የውኃ ሠራተኛ ነበር፣ ቧንቧ ዘርጊ። ከቀበና እስከኛ ደጃፍ መሬት ውስጥ ካለው ቧንቧ ግማሹን የቀበረው እሱ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም፤ እሱማ ሙሉውን ነው የሚለው። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው የቧንቧ ውኃ ይወዳል ብላችሁ ነው? ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቶ ያየዋል፣ ያሸተዋል፣ ከዚያ "ይሄ ውኃ የት የት እንዳደረ የማውቀው እኔ ነኝ" ይላል። ሠርግ ቤት እንኳ እንዲህ ብሎ አሳፍሮኛል።

ሁለት ፋሲካ ሆነው ስትሮክ ከመታው። ግራ እጁና ግራ እግሩ አልታዘዝ አሉት። ሐኪሙ የግፊት ኪኒን አዘዘለትና እኔን ለብቻዬ ጠርቶ፣ እናቴ፣ ይሄ ኪኒን አንድ ቀን እንኳ እንዳይታለፍ፣ ሁለተኛ ከመታው መነሳቱን እንጃ አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል። ሽማግሌዬ ግን ከሆስፒታል ሲወጣ የራሱን ሕግ አውጥቶ ነው የወጣው፤ ጠዋት በባዶ ሆዱ የእንጦጦ ኪዳነ ምሕረትን ጠበል ሳይቀምስ ኪኒን የሚባል ነገር በአፉ አይዞርም። የንስሐ አባታችን መጥተው፣ ውኃውን እዚሁ ልጸልይበት፣ ያው ጠበል ነው ቢሉት፣ "አባቴ፣ ጸሎትዎን አላማሁም፤ የማማው ቧንቧውን ነው" አላቸው። ለካህን እንኳ አይመለስም።

መጀመሪያ የማመጣው እኔው ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ በባሕር ዛፉ መሀል ወጥቼ፣ ትንሿን ጀሪካን እንደ ልጅ አዝዬ እወርዳለሁ። ከዚያ ጉልበቴ ከኔ ቀድሞ ጡረታ ወጣ። ጎረቤቶቼ ለራሳቸው ሲወጡ ለኔም ይቀዱልኝ ነበር፤ በኛ ሰፈር ከጠበል የመጣ ሰው ለጎረቤት ሳያካፍል ቤቱ አይገባም። እነሱም አንድ በአንድ ቦታው ለልማት ይፈለጋል እየተባሉ ወደ ኮንዶሚኒየም ሄዱ፤ አንዷ እዚህ ዳር፣ አንዷ እዚያ ዳር። የልጅ ልጄ ቢሮ ነው የምትሠራው፤ ጎህ ሲቀድ ወጥታ ሲመሽ ትገባለች፣ እሑድ ደግሞ ትማራለች። አንድ የበዓል ቀን ላክኋት። ጀሪካኑን ታክሲ ውስጥ ረስታው፣ ባሕር ዛፍ ተደግፋ የተነሳችውን ፎቶ ይዛልኝ መጣች። ከዚያ ወዲያ ሁለቴ አመጣች፤ ፈተና ሲደርስ እሱም ቀረ።

ማስታወቂያው የመጣው እንዲህ በተጨነቅንበት ሰሞን ነው። ስልኳ ላይ አየችውና እየሳቀች አነበበችልኝ፦ "ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል፣ ቤትዎ ድረስ። ጠበሉ በነፃ ነው። የሚከፍሉት የማድረሻውን ብቻ።"

"ደውዪለት" አልኳት።

"እምዬ፣ ነፃ የሚባል ነገር የለም። ዋጋውን ማድረሻው ውስጥ ነው የሚደብቁት። ማርኬቲንግ ነው።"

"ጠበል ይሸጣል እንዴ?"

"ስለማይሸጥማ ነው በነፃ ያሉት።"

የዚያን ጊዜ ብልጥ ነኝ ብላ ነው ብዬ ሳቅሁባት። ለኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። ድሮም ለጎረቤት ጠበል ይዛ የመጣችውን ሴት ባዶ እጇን አትሸኛትም፤ ቆሎ ትዘግንላታለህ፣ ትመርቃታለህ። ይሄ ሰውዬ ደግሞ የሚመጣው በሞተር ነው። ሞተር ምርቃት አይጠጣም፣ የሚጠጣው ቤንዚን ነው። ስለዚህ የድካሙን ብንሰጠው ምን ኃጢአት አለው? ጠበሉ የእመቤቴ፣ ቤንዚኑ የኔ።

በማግስቱ መጣ። ጎልማሳ ነው፣ ሄልሜቱን ሲያወልቅ ትሑት ፊት ያለው። ከኋላው ሁለት ቢጫ ጀሪካን በገመድ ጠፍሯል። አንዱን አወረደና ተሳልሞ ሰጠኝ። የጀሪካን ክዳን ሲሳለም ያየሁት ሰው እሱ የመጀመሪያዬ ነው። እኔም ደስ ብሎኝ መረቅኩት፤ ከልጆቹ ጀምሬ እስከ ሞተሩ ጎማ መረቅኩት። አሜን እያለ ቆሞ ቆሞ ሲደክመው፣ "እማማ፣ ጀሪካኑ ግን ነፃ ውስጥ አይገባም" አለኝ።

የጀሪካኑን ከፈልኩ። በሌላው ሳምንት ጭቃ ነው፣ ማድረሻው ትንሽ ጨመር ብሏል አለ። በሌላው ደግሞ ቁልቁለቱ ፍሬን እየበላበት መሆኑን አጫወተኝ። ለዳገቱ ቤንዚን፣ ለቁልቁለቱ ፍሬን። "እኔ ሜዳ ላይ ብኖር በምን ልታስከፍለኝ ነበር?" ብለው አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ነው።

ግን እውነቱን ልናገር፣ ዋጋው አልቆጨኝም። ሽማግሌዬ ነቃ። ሞተሩ ገና ከታች መታጠፊያው ጋ ሲያጓራ ይሰማዋል፤ እኔ ጆሮው ሥር ሆኜ ስጮህ የማይሰማው ሰውዬ። "መጣ!" ይላል። በደህና እጁ አልጋውን ይዞ ለራሱ ቀና ይላል፣ ጢሙን ያብሳል፣ ኪኒኑን መዳፉ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ያ አልጋ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የከረመው ሰው። ጠበሉን ሲጠጣ ዓይኑን ይጨፍንና፣ "ይሄ ነው ውኃ። ከላይ የወረደ ውኃ ምላስ ላይ አይቆምም" ይላል። ይባስ ብሎ እኔን ይነካካል፦ አንቺ ስታመጪው አፈር አፈር ይል ነበር፣ ጀሪካንሽን አታጥቢም ነበር ማለት ነው ይለኛል። ስንት ዳገት አዝዬ ወርጄ! ቢሆንም ተውኩት። ቀና ብሎ ከተቀመጠ ቢሳደብስ ምን ቸገረኝ።

እንዲህ ሆነን ሁለት ወር ያህል ቆየን።

አንድ ሰሞን የሰፈሩ ውኃ ጠፋ። ውኃ በፈረቃ መሆኑን ለምደነዋል፤ ቀናችን ሲደርስ በርሜል እንሞላለን። ያን ጊዜ ግን ቀናችን አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ፣ በርሜሉ ደረቀ። ዕቃ ሳይታጠብ ተቆለለ። ይሁን፣ ጠበላችን እንደሆነ ከላይ ነው የሚመጣው ብዬ ተጽናናሁ። ሞተረኛው በቀኑ አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። የቀረችን አንድ ጉንጭ ጠበል በዚያኑ ዕለት አለቀች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሽማግሌዬ ኪኒኑን መዳፉ ላይ አድርጎ ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ከዚያ ትራሱ ሥር ከተተው። ጎረቤት ሄጄ የሚጠጣ ውኃ ለምኜ መጣሁና በዚህ ዋጠው አልኩት። አፉን እንደ ሕፃን ገጠመብኝ።

ስልኬ ላይ የልጅ ልጄ የሞተረኛውን ቁጥር በሞተር ሥዕል አድርጋልኛለች። ሥዕሉን ነክቼ ደወልኩለት። አጥር ጥግ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ነው የማወራው።

"እማማ፣ ትንሽ ይታገሡኝ" አለኝ። "ውኃ ጠፍቷል እኮ። የኛ ሰፈር ፈረቃ ገና አልደረሰም።"

መጀመሪያ አልገባኝም። አዎ፣ እኛም ጋ ጠፍቷል፣ ምን ይደረግ ልለው ስል ነው የነቃሁት።

"ልጄ" አልኩት፣ "ኪዳነ ምሕረትም በፈረቃ ገባች?"

ስልኩ ተዘጋ።

ሳቄ መጣ። ምን ላድርግ፣ እኔ ሲከፋኝም የሚቀድመኝ ሳቅ ነው። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ ሳቅሁ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። ሁለት ወር ሙሉ የቧንቧ ውኃ በሞተር አስጭኜ፣ ተሳልሜ ተቀብዬ፣ ሌላ ውኃ አምኖ ለማይጠጣ ለዚያ ቧንቧ ዘርጊ ሽማግሌ አጠጣሁት። እሱም ዓይኑን ጨፍኖ አመሰገነው! ከውስጥ ድምፁ መጣ፦ "መጣ?" ሳቁ ያኔ አቆመ። "ሊመጣ ነው" አልኩት።

በማግስቱ ሁለተኛ ቀኑ ሆነ ኪኒኑን ሳይውጥ። የሐኪሙ ቃል ጆሮዬ ላይ ይጮሃል። የልጅ ልጄ እንደ ልማዷ ማልዳ ወጥታለች። ዱላዬን ያዝኩና ተነሳሁ። ታክሲው እስከሚደርስበት ሄድኩ፣ ከዚያ በእግሬ ጀመርኩት። ድሮ እየዘፈንኩ የምወጣው ዳገት ነበር። አሁን አንድ ባሕር ዛፍ እይዛለሁ፣ ወደሚቀጥለው ባሕር ዛፍ አያለሁ፣ ተራራውን ሳይሆን ዛፍ ነው የምቆጥረው። ግማሽ ላይ ስደርስ ጉልበቴ "እስከዚህ ነው" አለኝ። ተቀመጥኩ። ወደ ላይ ብል አልችልም፤ ወደ ታች ብል ምን ይዤ ልግባ? እንባዬም መጣ፣ አልደብቃችሁም።

ሴቶች ከላይ ይወርዳሉ፣ ጀሪካናቸውን አዝለው። አንዷ ቆመች። "እማማ፣ ደከመዎት?" አለችኝ። ሁሉንም ዘረገፍኩላት፤ ሽማግሌውን፣ ኪኒኑን፣ ሞተረኛውን። አዳምጣኝ ስታበቃ ጀሪካኗን አወረደችና፣ "እቃ ይዘዋል?" አለችኝ።

እጄን አየሁት። ዱላ ብቻ። ስንት ዓመት ጀሪካን ሳትይዝ ደጃፏን አልፋ የማታውቅ ሴት፣ ሁለት ወር ውኃው ከነእቃው ሲመጣላት እቃ መያዝ ረሳች። የልጅ ልጄን በፎቶዋ ስንት ቀን ስቄባታለሁ።

ሴትዮዋ ከቦርሳዋ የራሷን መጠጫ ጠርሙስ አወጣች፣ ውስጡ ያለውን ደፋችው፣ በጠበል አለቀለቀችውና ሞላችልኝ። እኔ የነጠላዬን ጫፍ ቋጠሮ ስፈታ አየችኝ፤ የድካሟን ልሰጣት ነው። ፊቷ ተቀየረ። "እማማ፣ ጠበል ይሸጣል እንዴ?" አለችኝ። የኔኑ ቃል። አፈርኩ። ቋጠሮዬን መልሼ አሰርኩና መረቅኳት። ክንዴን ይዛ ታክሲው ድረስ አወረደችኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

ቤት ስገባ ነጠላዬን ሳላወልቅ በኩባያ ቀድቼ ወሰድኩለት። ከንፈሩን ነክቶ ፊቱን አጨማደደ።

"ይሄ ምንድን ነው? አፈር አፈር ይላል። የኛን አምጪልኝ።"

"የኛ ነው። ራሴ ወጥቼ ነው ያመጣሁት።"

"አንቺ? በዚህ ጉልበትሽ?" በደህናው ጉንጩ ሳቀ። "ዕድሜ ልክሽን ቀለድሽብኝ፤ በኪዳነ ምሕረት እንኳ አትቀልጂ። ሞተረኛውን ጥሪው።"

እዚህ ላይ ምን ትላላችሁ? ዕድሜዬን ሙሉ ይሄን ሰው እያሞኘሁ ነው የኖርኩት። ጨው ስኳር ነው ብዬ አቅምሼዋለሁ፣ ኮፍያው ራሱ ላይ እያለ ቤት ሙሉ አስፈልጌዋለሁ። በሕይወቴ አንዴ እውነት ይዤ፣ ያውም በጠርሙስ ይዤ ስመጣ የሚያምነኝ ጠፋ። የሚወደው ያኛው የገዛ ቧንቧው ውኃ መሆኑን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ኪኒኑን ከትራሱ ሥር አውጥቶ መዳፉ ላይ አድርጎታል፣ በላቡ ዳር ዳሩ እየሟሟ ነው። ብነግረውስ? ከዚያ ወዲያ ይሄንንም ያኛውንም አይጠጣ፤ ቀና ያለውም ሰውዬ ተመልሶ ወደ ግድግዳው ይዞራል። አፌን ዘጋሁት።

ከሰዓት በኋላ የግቢያችን ቧንቧ አየር ተፋ፣ ሳለ፣ ከዚያ ውኃው መጣ። የሱም ሰፈር ደርሶት ይሆናል ብዬ የሞተሩን ሥዕል ነካሁና አምጣ አልኩት። ምንም ሳይጠይቅ መጣ። በሩ ላይ ጠብቄው ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ስለ እመቤቴ ብለህ ከየት ነው የምትቀዳው አልኩት።

ሄልሜቱን አወለቀ። በመጀመሪያ ጊዜ ከላይ ነበር የማመጣው ብሎ ማለ፤ ከዚያ ዳገቱ የሞተሩን ፍሪሲዮን አቃጠለበት፣ ሰዉም በዛበት፣ አንድ ቀን ሲመሽበት ከቤቱ ቀዳ፣ ማንም ምንም አላለውም። ይሄን ሁሉ መሬት መሬት እያየ ነው የነገረኝ። መጨረሻ ላይ ግን ቀና አለ።

"ደግሞ እማማ፣ እኔ የተቀበልኩዎት የማድረሻ ነው። አድርሻለሁ። ውኃ አልሸጥኩልዎትም።"

"ልጄ" አልኩት፣ "የሰይጣን ጠበቃ ቢታመም አንተን ነው የሚተኩት።"

ጮክ ብዬ ልሰድበው፣ ሰፈር ልጠራበት ተዘጋጅቼ ነበር። ከላይ አምጣ ብዬ ባዘው ደግሞ ሽማግሌዬ አፈር አፈር ብሎ ይተፋዋል። "እንዳልመጣ ካሉኝ አልመጣም" አለና ሄልሜቱን አነሳ። ይሄኔ ሽማግሌዬ ከውስጥ ጮኸ፦ "ሞተሩ መጥቷል! ምን ታስወሪዋለሽ፣ አስገቢልኝ እንጂ!" የአልጋው ሽቦ ሲንቋቋ ሰማሁት። ቀና እያለ ነው።

ከፈልኩ።

ጀሪካኑን ተቀብዬ እዚያው በሩ ላይ ክዳኑን ከፈትኩ። ከሴትዮዋ ጠርሙስ በክዳኗ ሙሉ ለካሁና ጨመርኩበት። እናቶቻችን ጠበል ጠብታው ሲገባበት ውኃው ሁሉ ጠበል ይሆናል ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ይሁን አይሁን የንስሐ አባታችንን ልጠይቃቸው እችል ነበር፤ አልጠየቅኳቸውም። አይሆንም ቢሉኝ ምን ልሆን ነው? ሞተረኛው ቆሞ እያየ አማተበ። ሽማግሌዬ ጠጣ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ "ይሄ ነው ውኃ" አለ፣ ኪኒኑን ዋጠ። ከጉሮሮው ሲወርድ እስካየው ድረስ ከአጠገቡ አልሄድኩም።

ይኸው እስከ ዛሬ እንዲህ ነን። ሞተረኛው በየሳምንቱ ይመጣል፣ እኔ እከፍላለሁ። የልጅ ልጄ ስትሰማ ጭንቅላቷን ያዘች። ቧንቧው እኮ ግቢያችን ውስጥ ነው፣ ከሱ ቀድተሽ ያንቺን ጠብታ ጨምሪበት፣ ለምን ትከፍያለሽ ትለኛለች። ሞክሬዋለሁ። አንድ ሳምንት ሞተረኛውን አስቀርቼ ከቧንቧችን ቀዳሁለት። ሞተሩን ሳይሰማ ማን ቀና ይበል? አልጋው ላይ ተኝቶ፣ "በምን መጣ?" አለኝ። አልጠጣም። ያንኑ ዕለት ደወልኩ።

ጠርሙሷ ግን እየጎደለች ነው። በክዳን የነበረው በጠብታ ሆነ፣ ሁለት ጣት ያህል ሲቀራት ፈራሁ። ያቺን ሴትዮ የት አገኛታለሁ? ጉልበቴ ከዚያ ወዲህ ሽንት ቤት የሚያደርሰኝም በልመና ነው። ሞተረኛውን፣ አንዲት ጠርሙስ ብቻ፣ የምሬን ነው፣ ከላይ ቀድተህ አምጣልኝ አልኩት። እሺ አለኝ።

ባለፈው ሳምንት አመጣት። በላስቲክ ጠቅልሎ ከደረት ኪሱ ነው ያወጣት። የነጠላዬን ቋጠሮ ስፈታ እጄን ያዘኝ።

"ይተዉት እማማ። ይሄኛው ማድረሻም የለውም። በነፃ ነው።"

ልቤ ድንግጥ አለ። ይሄ ሰው ሲያስከፍለኝ ቢያንስ የሚዋሸኝ በምን እንደሆነ አውቅ ነበር። አሁን በምኑ ልያዘው? ዓይኑን አየሁት፣ አልሸሸኝም። ጫማውን አየሁት፣ ጭቃ አለበት፤ ጭቃ ደግሞ የኛም በር ላይ ሞልቷል። ክዳኗን ከፍቼ ቀመስኩት። ምላሴ ላይ አቆየሁት። አፈር አፈር ያለኝ መሰለኝ። መሰለኝ ነው እንግዲህ፣ እኔ ውኃ ሠራተኛ አይደለሁም። የሚያውቀው ውስጥ ተኝቷል፣ እሱን ደግሞ መጠየቅ አይቻልም።

"መጣ?" አለ ከውስጥ።

"መጥቷል" አልኩት፣ በክዳኗ ሙሉ እየለካሁ።